«ዲናሞው ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ስለ ጎርፍና ስለ ውሃ ፈረቃ ብዙ ይጻፋል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ለወራት ተዘግቶ የከረመ ቤት ተከፍቶ ቧንቧው ሲሞከር የሚገጥመው ጣጣ ግን የጽሑፍ ርእስ ሲሆን እምብዛም አላየሁም። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ ተሻግረው ክረምቱን እዚያው የሚያሳልፉ ወላጆች በከተማችን ጥቂት አይደሉም፤ ሰኔ ላይ ተከራይ ለቅቆባቸው እስከ መስከረም ድረስ ሌላ ያላገኙም አሉ። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ በራሴ ቤት ከደረሰው ተነሥቼ ነው። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ከሥላሴ ካቴድራል ዝቅ ብሎ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ የቧንቧ ባለሙያ አይደለሁም።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቤቱን ቆልፌ ሚኒሶታ ወደምትኖረው ልጄ ሄድኩ። ባለቤቷ እነርሱ አርቪ የሚሉት፣ መኝታ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው ተጎታች ቤት አለው። በዚያ አገር በብርዱ ወራት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ውሃ ደግሞ በረዶ ሲሠራ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በመስመሩ ውስጥ የቀረ ውሃ ቧንቧውን ሰንጥቆት ያድራል። ስለዚህ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ውሃውን ጨርሰው ያፈስሱና በምትኩ ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለ፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ በቀላሉ በረዶ የማይሠራ ፈሳሽ በቧንቧዎቹ ውስጥ ይሞላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ለመኪና ራዲያተር ከሚጨመረው መርዛማ ዓይነት የተለየ ነው። እኔ የደረስኩት ተጎታቹን ከክረምት እንቅልፉ በሚያስነሣበት ሰሞን ነበርና አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጠገቡ ቆሜ ስመለከት ዋልኩ።

ያስገረመኝ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የንጹሕ ውሃ ታንኩን ሞላ፤ ቀጥሎ በ12 ቮልት የሚሠራውን ትንሽ ፓምፕ አስነሣ፤ ከዚያም አንዱን የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ከፈተ። ፓምፑ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ከቧንቧው ግን አየር ብቻ ይወጣል። የልጄ ባል አጥፍቶት ወደ መሳቢያው መስመር፣ ማለትም ፓምፑ ውሃ ወደሚስብበት ቧንቧ፣ ዞረና በመከር ወራት ሮዙን ፈሳሽ ከጄሪካን ለመሳብ የሚያገለግለው ትንሽ ቫልቭ ወደ ጄሪካኑ አቅጣጫ እንደተዞረ መቅረቱን አገኘ። ፓምፑ ታንኩን ትቶ አየር ሲምግ ነበር ማለት ነው። ቫልቩን ሲመልሰው መጀመሪያ ሮዙ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ መጣ። ከዚህ በኋላ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ ዝም ብሎ አዳመጠ። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ለአፍታ እየተነሣ ከተኛ ግፊቱ በሆነ ቦታ እየሾለከ ነው፤ ወይ መገጣጠሚያ ያንጠባጥባል፣ ወይ ውሃውን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ አልገጠመም። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ደረቅ ሶፍት ጠመጠመና ከመጸዳጃው ኋላ ያለውን ርሶ አገኘው። የውሃ ማሞቂያውን ያበራው ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረዱን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው።

መስከረም መግቢያ ላይ አራት ኪሎ ስመለስ ያ ቅዳሜ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እኛ ዘንድ ቧንቧ የሚሰነጥቅ ውርጭ የለም፤ እንዲያውም ክረምት የምንለው የዝናቡን ወቅት ነው።

የቤቱ ውሃ እንዲህ ነው። ከቆጣሪው የሚገባው ውሃ አባቴ በግቢው ካሠሩት፣ ከመሬት በታች ካለ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይወርዳል። ከላዩ የተተከለው ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ከዚያ እየሳበ ጣሪያ ላይ ወዳለው ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይገፋል፤ ከሮቶው ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ቤት ይወርዳል። በር ከፍቼ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ስሞክር ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ሮቶው ባዶ ነበር። ፓምፑን ሰካሁት፤ እንደ ወትሮው ይጮኻል፣ ውሃ ግን ወደ ላይ አይወጣም።

በማግስቱ ከአንድ የጥገና ሱቅ የመጣ ሰው አስነሥቶት አንድ ደቂቃ ያህል ካዳመጠ በኋላ «ጋሼ፣ ዲናሞው ተቃጥሏል፤ በዚህ ላይ ገንዘብ አያጥፉ፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ የአራት ወር የጡረታ አበሌን የሚጠርግ ነበር። ከዋጋው ይልቅ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፤ ተቃጠለ የተባለው ዲናሞ፣ ማለትም የፓምፑ ሞተር፣ እኮ እፊታችን እየዞረ ነበር። የተቃጠለ ዲናሞ ይሸታል፣ ብሬከር ይጥላል ወይም ጨርሶ አይነሣም፤ በሙሉ ድምፁ እየዞረ ውሃ የማይሰጥ ፓምፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መሳቢያው ቧንቧ ነው። ሰውየውን አመስግኜ ሸኘሁትና የልጄን ባል ቅዳሜ አስታውሼ ከፓምፑ በፊት ወዳለው መስመር ሄድኩ።

እዚህ ላይ የቀድሞ ሥራዬ ትንሽ እንድዘገይ ያስገድደኛል። ፓምፕ ውሃ «ይስባል» ብንልም ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በማጠራቀሚያው ገጽ ላይ የሚጫነው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ የፓምፑ ድርሻ በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ሆዱ በውሃ ሲሞላ ነው፤ አየር ከገባበት መዘውሩ፣ በሆዱ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል፣ አየሩን እያማሰለ ይውላል እንጂ የሚፈይደው የለም። ስለዚህ ከቧንቧው ታችኛ ጫፍ ፉት ቫልቭ የሚባለው ይገጠማል፤ ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው እርሱ ነው። በየቀኑ በሚሠራ ቤት ይህ ቫልቭ በትንሹ ቢያሾልክም አይታወቅም፣ ምክንያቱም ቧንቧው ሳይደርቅ ፓምፑ እንደገና ይነሣል። ቤቱ አምስት ወር ሲዘጋ ግን ያቺ ጠብታ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ታደርቀዋለች።

በፓምፖቹ ሰሌዳ ላይ «እስከ 8 ሜትር ይስባል» የሚል ጽሑፍ ሰፍሮ ለምታዩም አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ሊያወጣ ይችላል፤ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው በመሐል አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የመጨረሻው ወሰን ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል፤ እርሱም ምንም ኪሳራ በሌለበት በወረቀት ላይ ብቻ። ስለዚህ ስምንቱ ሜትር እዚህ በየትኛውም የመሳቢያ ፓምፕ አይደረስም፤ በእኔ ግምት ከ5 ሜትር በላይ ማሰብ ዕዳ ነው። ጥልቅ ማጠራቀሚያ ኖሮት «ፓምፑ ደካማ ነው» እያለ በየዓመቱ የሚቀይር ሰው ካለ መጀመሪያ ሜትር ይዞ ቢለካ ይሻለዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ፓምፑን ከሶኬት ነቅዬ ከላዩ ያለችውን የመሙያ ቡሎን ፈታሁና ውሃ መጨመር ጀመርኩ። አንድ ኢንች የሆነ የ3 ሜትር ቧንቧ የሚይዘው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ የፓምፑ ሆድ ሲታከልበት በአንድ ባለ ሁለት ሊትር ጆግ ጢም ማለት ነበረበት። ሦስት ጆግ ጨመርኩ፤ ውሃው ከቡሎኑ አፍ ላይ ለአፍታ ይታይና ቁልቁል ይሸሻል። በዚህ ፉት ቫልቩ እንደማይዘጋ ታወቀ። ከጎረቤት አንድ ጎረምሳ ጠርቼ መሳቢያውን ቧንቧ ስናወጣው በቫልቩ ምላስና በመቀመጫው መካከል የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር ተሰንቅራ አገኘናት። በጣቴ አንሥቼ ጣልኳት፤ ምላሱን በጨርቅ ጠረግሁት፤ መገጣጠሚያውን በአዲስ ቴፍሎን ጠምጥመን መለስነው። በሁለተኛው ጆግ ፓምፑ ሞላና ሶኬቱን በሰካሁ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውሃው ጣሪያ ላይ ሲንዶቀዶቅ ተሰማ። ጎረምሳው «አባባ፣ የአራት ወር ደመወዝዎን እኮ ነው የጣሉት» ብሎ ጠጠሯን ሊፈልግ መሬት ለመሬት ሲያይ ነበር።

ችግሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ፓምፑ ሳይዞር እምም ብቻ የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በነዚህ ትንንሽ ፓምፖች ውስጥ በመዘውሩና በብረት ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ለወራት ሲቆም ዝገት ይይዘዋል። መብራቱ ተነቅሎ፣ ከኋላ ባለው ማራገቢያ በኩል ዘንጉን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ አላቅቆ በእጅ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዘንጉ በነጻ እየዞረ አሁንም እምም ካለ ሞተሩን ለማስነሣት የሚረዳው ካፓሲተር ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ እርሱም ከፓምፑ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በመሳቢያው በኩል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ውሃ ስለማያንጠባጥብ በዓይን አይታይም፤ ፓምፑ እየሠራ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ሲቀባ አረፋው ወደ ውስጥ ይጠባል። አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልመክርም፦ «ይስብ ይሆናል» እያሉ ደረቁን ማስጮኽ። በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳይሾልክ የሚያሽገውን «ሲል» የተባለ ዕቃ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ያው ውሃው ነውና ፓምፑ በደረቁ ሲዞር ይህ ማሸጊያ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ጤነኛው ፓምፕ በርግጥም ታማሚ ይሆናል።

ውሃው ጣሪያ ከደረሰ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲቀጥን አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትቼ በመዳፌ ላይ ገለበጥኳት፤ ከአሮጌው የብረት ቧንቧ የተላቀቀ ዝገት እንደ ቡና አተላ ተቆልሎባት ነበር። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ፣ ፍሎተሩ፣ ደርቆ ተጣብቆ ስለነበር ሞልቶ እንዳይፈስስ ከፍና ዝቅ እያደረግሁ አላቀቅሁት። ቦይለሩን ከሙቅ ውሃው ቧንቧ የሚያስለው አየር ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ አላበራሁም፤ ባዶውን የበራ ቦይለር ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀውን ክፍል፣ ያቃጥላል።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ፓምፑ አይደለም። ማጠራቀሚያውን ስንከፍት ውሃው ሚያዝያ ላይ ከተውኩት ከፍ ብሎ ጠበቀኝ። ከመሄዴ በፊት ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ዘግቼ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የነበረው የቀድሞው የውሃ ልክ ምልክት ግን አንድ ክንድ ያህል ከውሃው በታች ይታያል። በተዘጋ ቆጣሪ ውሃ የሚጨምር ማጠራቀሚያ የሚጠጣው ከአፈሩ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መሬቱን ሲያጠግበው በሲሚንቶው ስንጥቅ ገብቷል፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ መጸዳጃ ጉድጓዶች ከግቢ ግቢ ያላቸው ርቀት ስንት እርምጃ እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ ሽታም አልነበረውም። ያ ጥራቱ ነው ያስፈራኝ፤ ፓምፑ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ቡና አፍልቼበት ነበር።

ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ታክሞ የሚመጣው ውሃ ክሎሪን ይዞ ቢመጣም በማጠራቀሚያ ውስጥ ሲቆይ ክሎሪኑ እየሳሳ ይጠፋል፤ አምስት ወር የቆመ ውሃ ምንም መከላከያ የለውም። ስለዚህ በባልዲ ቀድተን ጨረስነው፤ ወለሉንና ግድግዳውን ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ከላይ ሆነን ፈተግነው። ማንም ወደ ውስጥ እንዲገባ አልፈቀድኩም፤ ተዘግቶ በከረመ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ሊበከል ይችላል፤ ሊያድን የገባው ሰው ሳይቀር አብሮ ይቀራል። ጭቃው ሳይወጣ በረኪና መጨመር ብክነት ነው፣ ክሎሪኑን የሚበላው ቆሻሻው ነውና።

መጠኑን በሚመለከት ብዙ ሰው በግምት ስለሚያደርገው ሒሳቡን ላስቀምጥ። ሽቶ ያልተጨመረበት፣ በላዩ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት በረኪና በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ያህል የሚያጸዳውን የክሎሪን ንጥረ ነገር ይይዛል፤ አንድ ሊትሩ በ1,000 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በሊትር 50 ሚሊግራም ይሆናል፣ ይህም ቧንቧና ሮቶ ለማጽዳት የሚበቃ፣ ለመጠጥ ግን በፍጹም የማይሆን ነው። የልጄ ባልም ተጎታቹን ያጠበው በዚሁ ልክ ነበር። እርሱ ታንኩን ሞልቶ ነው፤ እኔ ግን በፈረቃ በሚኖር ሰፈር 1,000 ሊትር መድፋት አንጀቴ አልቻለም። 300 ሊትር ውሃ በአንድ ሦስተኛ ሊትር በረኪና በጥብጬ የሮቶውን ግድግዳ በዚያው ውሃ ደጋግመን አጠብን፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቧንቧ፣ ሻወሩንም ጭምር፣ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ድረስ ከፍተን ዘጋንና አሳደርነው። በነጋታው የወጣውን ውሃ ለመጸዳጃና ለግቢ ማጠቢያ አዋልነው። አንዲት ጎረቤቴ ለጽጌረዳዋ እንድሰጣት ጠይቃኝ ስከለክላት ስስት መስሏት አኩርፋኝ ነበር፤ ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ስኒ ቡና ፈጅቷል። በረኪናን ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣም በዚያው ነገርኳት፣ እስከዚያ ቀን «ሁለቱ ሲገናኙ ይበረታሉ» ብላ ታምን ነበርና።

ክቡር አዘጋጅ፣ በጋዜጣችሁ በኩል ላቀርብ የምፈልገው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው ፓምፕ አስመጥተው ለሚሸጡ ነጋዴዎች ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ቻይንኛና እንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት፣ ፓምፑ መጀመሪያ በውሃ መሞላት እንዳለበት፣ ደረቁን እንዳይነሣ፣ በእኛ ከፍታም ስንት ሜትር ድረስ እንደሚስብ የሚገልጽ፣ ካርቶኑ ውስጥ ማስገባት የሚያስወጣቸው ወጪ ከቁጥር አይገባም። ሁለተኛው ጥያቄዬ ለባለሙያዎች ነው። በማጠራቀሚያዬ ላይ ያገኘሁትን ስንጥቅ ከውስጥ በኩል ውሃ በማያስገባ ሲሚንቶ አስለስኜዋለሁ፤ ግፊቱ የሚመጣው ከውጭ፣ ከአፈሩ በኩል ሆኖ ሳለ ከውስጥ የተለሰነው ይይዛል ወይ፣ ወይስ ዙሪያውን ማስቆፈር ሊኖርብኝ ነው? የሚያውቅ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ለመጠጥ የምንጠቀመው ውሃ ከማጠራቀሚያው ሳይሆን ከቆጣሪው ሥር በጄሪካን የተቀዳ ነው፤ በግድግዳውም ላይ የዛሬውን የውሃ ልክ በሚስማር ጭሬበታለሁ፤ ከመጪው ሐምሌ ዝናብ በኋላ ቆጣሪውን ለአንድ ሳምንት ዘግቼ አየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአራት ኪሎ ነዋሪ የሆኑ ጡረተኛ መምህር